ፊርማው ተፈርሞ ውሉ ያልታሰረበት ጊዜ

በእንግሊዝና በዌልስ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ያቀረበውን ዋጋ ሻጩ ሲቀበለው ለዘመድ ይደውላል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። በሕግ ዓይን ግን በዚያ ቀን የተቋጨ ነገር የለም። ሻጩ በማግስቱ የተሻለ ዋጋ ለሚሰጠው ሌላ ሰው መሸጥ ይችላል፤ ገዢውም ምክንያት ሳይሰጥ መተው ይችላል። ሁለቱም የሚታሰሩት ውል በተለዋወጡባት ቅጽበት ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ወራት።

በቀብድ ልማድ ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀብድ መሰጠትን ውል ለመኖሩ ማስረጃ አድርጎ ይወስዳል፤ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚተው ሰውም እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በእንግሊዝ የተለመደ የቤት ሽያጭ በዚህ ደረጃ ላይ ቀብድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ የመሬትና የቤት ሽያጭ ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነ፣ የተስማሙበትን ሁሉ ካልያዘና ሁለቱም ወገኖች ካልፈረሙበት ውል አይደለም ይላል። ስለዚህ ቃልም፣ መጨባበጥም፣ ደላላው የላከው የምሥራች ኢሜይልም ማንንም አያስርም። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፤ እዚያ የሁለቱ ወገን ጠበቆች በሚጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ሙሉ ስምምነት ላይ ሲደርሱ ውሉ ይጸናል።

ጊዜው የሚያልቀው በማጣራት ነው። የገዢው ጠበቃ ከሻጩ ጠበቃ ረቂቅ ውል፣ የባለቤትነት መዝገብ ቅጂና ሻጩ የሞላቸውን ቅጾች ይቀበላል። ሻጩ ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ግድግዳ አፍርሶ ወይም ክፍል ቀጥሎ እንደሆነ፣ መጋረጃውና ምድጃው ከቤቱ ጋር ይቀሩ እንደሆነ በእነዚህ ቅጾች ይመልሳል። ከዚያ ለካውንስሉ ጥያቄ ይላካል፦ ክፍል የተቀጠለው በፈቃድ ነው ወይ? በደጃፉ የሚያልፍ አዲስ መንገድ ታቅዷል ወይ? የውሃ ድርጅቱም የፍሳሽ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠየቃል። አካባቢው ጎርፍ የሚያጠቃው፣ አፈሩ የተበከለ ወይም ድሮ የድንጋይ ከሰል የወጣበት እንደሆነም ይፈተሻል። በቀናት ውስጥ የሚመልስ ካውንስል አለ፤ ሳምንታት የሚያስጠብቅም አለ።

እዚህ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ አልቃወምም። ያለፈቃድ የተሠራ ክፍል ከግዢ በኋላ ቢገኝ ጣጣው የአዲሱ ባለቤት ነው።

ፍላት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በለንደን የመጀመሪያ ቤት ገዢ አቅም በአብዛኛው የሚደርሰው ፍላት ላይ ነው፤ ፍላት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሊዝ የሚያዝ ነው። ዓመታዊው የሕንጻ አገልግሎት ክፍያ ስንት ነው፣ ጣሪያ የመቀየር ዕቅድ አለ ወይ፣ ሻጩ ውዝፍ አለበት ወይ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሻጩ ዘንድ አይደለም። መልሱን የሚሰጠው የመሬቱ ባለቤት ወይም ሕንጻውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው፤ ለዚያውም አስከፍሎ። ይህ ኩባንያ ሽያጩ ቢፈጥን የሚያገኘው፣ ቢዘገይ የሚያጣው ነገር የለም። እኔ እንደማየው የፍላት ገዢዎችን ምሬት የሚያበዛው ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሰኔው እሳት አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በምዕራብ ለንደን የግሬንፌል ሕንጻ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አበዳሪ ባንኮች የብዙ ሕንጻዎችን የውጭ ግድግዳ ሽፋን የሚመለከት የባለሙያ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ወረቀቱ ከሌለ ግዢው ሊቆም ይችላል። ይህን መጠበቅ ማንም ሊያማርርበት አይገባም።

ለኛ ሰው ከሁሉ የሚያደክመው ግን የገንዘብ ምንጭ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ ደንብ ጠበቃው ደንበኛውን እንዲያጣራ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ዲፖዚቱ ከየት እንደመጣ በባንክ ወረቀት ማየት ይፈልጋል። ከደመወዝ ሲጠራቀም ለኖረ ገንዘብ ችግር የለም። የዕቁብ ዕጣ ሲሆን ግን አንድ ቀን ብዙ ሺህ ፓውንድ ባንድ ላይ፣ ከፊሉም በጥሬው፣ አካውንት ውስጥ ገብቶ ይታያል። ማስረጃው የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነው፦ የአባላት ስም በአማርኛ፣ የተከፈለው መጠን፣ ዕጣው የወጣበት ቀን፣ ፊርማ። ዕቁብን ሰምቶ ለማያውቅ ጠበቃ ይህ ብቻውን ምንም አይነግረውም። የዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤ፣ የደብተሩ ትርጉም፣ በየወሩ ከአካውንት የወጣው መዋጮ ጎን ለጎን ሲቀመጡለት ግን ታሪኩ ይገጥማል። ይህን ገና ቤት ሲፈልጉ ማዘጋጀት ብዙ ሳምንት ያተርፋል። ወንድም ወይም እናት የሰጡት ገንዘብም ካለ፣ ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልሆነና በቤቱ ላይ ድርሻ እንደማይጠይቁበት ፈርመው መስጠት አለባቸው፤ ገንዘቡን እነሱ ከየት እንዳገኙትም ይጠየቃሉ።

ሰንሰለቱም አለ። የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚሸጠው ቤት ስለሌለው ከታች ይቆማል፤ ከእሱ የሚገዛው የለም። ሻጩ ግን ራሱ ሌላ ቤት እየገዛ ነው፣ የዚያኛው ቤት ሻጭም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ ቀን ውል መለዋወጥ ስለሚፈልጉ የሁሉም ፍጥነት የዘገምተኛው ፍጥነት ይሆናል። ከላይ አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ከታች ያለው ቤቱን ለሚመረምረው ሰርቬየር፣ ለማጣራትና ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ ይቀልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የማጣራቱ መርዘም ሳይሆን በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ለማንም ግዴታ የሌለበት መሆኑ ነው።

ቀነ ገደብ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ በቁጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 31 ቀን 2025 ድረስ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ቤቱን በ425,000 ፓውንድ ገዝቶ የጨረሰ ሰው የቴምብር ቀረጥ አልከፈለም። በማግስቱ የነጻው ጣሪያ ወደ 300,000 ወረደ፤ ያንኑ ቤት በዚያው ዋጋ የገዛ ሰው 6,250 ፓውንድ ከፈለ። አንድ ያልመጣ ወረቀት የዚህን ያህል ሊያስወጣ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መሐል ገዢው በሳምንት ሦስቴ ደውሎ «ምን ደረሰ?» ቢል «እየሠራንበት ነው» ከሚል መልስ በቀር አያገኝም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሁን የምንጠብቀው የትኛውን ወረቀት ነው፣ ከማን፣ መቼስ ተጠየቀ? የጠፋው የአስተዳዳሪው ኩባንያ መልስ ከሆነ ሻጩ ራሱ ደውሎ ሊገፋው ይችላል፤ ሻጩን ለመቀስቀስ ደግሞ ደላላው አለ፣ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና።

ሁሉ ሲሟላ ገዢና ሻጭ አንድ ዓይነት ውል በየፊናቸው ይፈርማሉ። የተፈረመው ወረቀት ቀኑ ባዶ እንደሆነ በየጠበቃው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ገና አላሰረም። መለዋወጡ ራሱ በስልክ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዶምብ እና ኢሶዝ በተከራከሩበት ጉዳይ ይህን አሠራር ተቀብሎታል፤ የጠበቆቹ ማኅበርም ለንግግሩ ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉ ቀመሮች አሉት፤ ሲ ለሰንሰለት የተዘጋጀ ነው። አንዱ ይደውላል፣ ዋጋውን፣ ዲፖዚቱንና ቁልፍ የሚሰጥበትን ቀን ያነባል፤ ሌላው ከእጁ ካለው ውል ጋር ያመሳክራል። ቀመሩን ይጠራሉ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቀኑን ይጽፋሉ፣ ሰዓቱን ይመዘግባሉ። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ገዢው ቢያፈገፍግ አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ የሆነውን ዲፖዚት ያጣል፤ ሻጩም ቢያፈገፍግ ይከሰሳል።

ቁልፉ የሚመጣው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። በተለመደው የውል ቅጽ መሠረት ግን ቤቱ ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባበት ኃላፊነቱ ከመለዋወጡ ቅጽበት ጀምሮ የገዢው ነው። ስለዚህ ሙሉ ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃው ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ኢንሹራንሱ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንዲሠራ አድርጎ መጠበቅ አለበት።