ስለ ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀት

ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀት የሚሠራ ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይሠራም። አንዱ የሌላውን ርስትና ገንዘብ ለመውሰድ፤ ሁለተኛው ከፍርድ ለማምለጥ፤ ሦስተኛው ዕድሜውን አሳንሶ ሥራ ለማግኘት፤ አራተኛው ግን ነፍስን ከገዳይ ለማዳን ያደርገዋል።

ሕግም ይህን ሥራ አጥብቆ ይከለክላል፤ ይኸውም ማኅተም ካልታመነ ጋብቻም ውርስም ልጅነትም የሚረጋገጥበት ስለማይገኝ ነው። በስዊስ አገር የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 252፥ የራሱን ወይም የሌላውን ኑሮ ለማሻሻል ሲል የመታወቂያ ወረቀት ያስመሰለ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። በሥልጣኑ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራው ግን ሹም ሲሆን፥ በአንቀጽ 317 እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል፤ የተቀበለው አደራ ነውና።

ሹሙ ማኅተሙን የመታው ሰው ለማዳን ሲሆንስ ፍርዱ እንዴት ይሁን? ይህ ጥያቄ በዚያው አገር፥ የሳንክት ጋለን የፖሊስ አዛዥ በነበረው በሻምበል ፓውል ግሩኒንገር ላይ ደርሷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በመጋቢት ጀርመን ኦስትሪያን ከያዘች በኋላ፥ አይሁድ ወደ ስዊስ ይሸሹ ጀመር። በነሐሴ ወር የስዊስ መንግሥት ድንበሩን ዘጋ። ግሩኒንገር ግን የመጡትን ወደ አሳዳጆቻቸው መመለስ እንቢ ብሎ፥ ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት የገቡ እንዲመስሉ በወረቀታቸው ላይ ያለፈ ቀን እያጻፈ አስገባቸው። በዚህም ብዙ መቶ ሰዎች ከሞት ዳኑ።

በ1939 ከሹመቱ ተሻረ፤ ጡረታውም ቀረበት። በ1940 ፍርድ ቤቱ ለራሱ ጥቅም እንዳላደረገው ቢያውቅም፥ ሹም ትእዛዝ መፈጸም ይገባው ነበር ብሎ፥ ግዴታውን በመተላለፍና ሰነድ በማስመሰል 300 ፍራንክ ቀጣው። ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን የቤተ ሰቡ ጉዳት ግን ብዙ ነበር። ሴት ልጁ ቤቱን ለመርዳት ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ገባች፤ እርሱም ከዚያ ወዲያ ቋሚ ሥራ ሳያገኝ በ1972 በድህነት ሞተ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ በ1995 የሳንክት ጋለን ፍርድ ቤት ነገሩን እንደ ገና መርምሮ የቀድሞውን ፍርድ ሻረ፤ ሟቹንም ነጻ አወጣው። በ1998 ለወራሾቹ ካሳ ተከፈለ። ስለ ስደተኞች በ1951 በጄኔቭ የተጻፈውም ውል በአንቀጽ 31፥ ሕይወቱ ከሚያሰጋበት አገር በቀጥታ የሸሸ ሰው ሳይዘገይ ለሹማምንት ቀርቦ በቂ ምክንያቱን ከገለጸ፥ ያለ ፈቃድ ገብተሃል ተብሎ እንዳይቀጣ ያዛል።

ይህን ታሪክ ሰምቶ የወንድሙን ርስት ለመንጠቅ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ማመካኛ አያድርገው፤ ግሩኒንገር ኑሮውን አጣበት እንጂ አላተረፈበትም። ሕግ ማኅተሙን መጠበቁ የተገባ ነው። ዳኛ ግን ማኅተሙ ሐሰት መሆኑን ካወቀ በኋላ፥ ስለ ምን እንደ ተመታም ሊመረምር ይገባዋል፤ ከሞት በኋላ የመጣ ፍርድ ስምን ያድሳል እንጂ የልጅን ትምህርት አይመልስምና።