ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል

እዚህ ሊባኖስ ዝናቡ የሚያባራው እንደ አገራችን በመስከረም ሳይሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ያን ጊዜ ቆሞ የከረመው ሞተር ሳይክል ይወጣል፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ከኋላው ተቀምጠን የምንሄድም አለን። ጎማው አየር ቀንሶ፣ ነጂውም ልምዱ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ጎማውንና ፍሬኑን አይቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሄልሜት ለእናንተም ያስፈልጋል። ብዙ ጥናቶችን አገናዝቦ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ የራስ ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልተቆለፈ ግን ይወልቃል።

የምንዘነጋው ነጠላችንን ነው። ጫፉ ከኋላ ጎማው ወይም ከሰንሰለቱ ከገባ አንገት አንቆ ይጥላል። አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ደጀ ሰላሙ ስትደርሱ ልበሱት። ስትወርዱም በግራ በኩል ይሁን፤ የጋለው ጭስ ማውጫ ብዙ ጊዜ በቀኝ ነው፣ ባት ያቃጥላል።