ያለ ደንብ የተከፈተ፣ ያለ ማስታወቂያ የተዘጋ፦ የአሰብ መንገድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚነዳ ባለ ተሳቢ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ይዞ ደሴ ይገባል። ሁለተኛው ቁልቁል ወደ ባቲ ወርዶ ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ ዲቾቶ ይደርሳል። ዲቾቶ ላይ ሌላ መንታ አለ፦ ወደ ጋላፊ የሚታጠፈው ለጅቡቲ፣ በኤሊዳርና በማንዳ የሚቀጥለው ለአሰብ። ቡሬ ከተደረሰ አሰብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከ1990 ዓ.ም ወዲህ ግን፣ ከጥቂት ወራት በቀር፣ ወደብ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ መሪውን ወደ ጋላፊ ያዞራል።

ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲወራ ባድመ፣ ዛላንበሳና አስመራ ይጠራሉ። ደሴና ኮምቦልቻን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሆኖም የሁለቱ አገሮች ጉዳይ ከመጀመሪያው ውል እስከ ዛሬው ውጥረት ድረስ ወሎን ሳይነካ አላለፈም። ከዚህ ሆኖ ለሚያየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ፍቅሩም ጠቡም በመሪዎች ቃል እንጂ በተዘረዘረ ሕግ ላይ አልቆመም። ድንበሩ የጉምሩክ ደንብ ሳይኖረው ተከፈተ፤ ማስታወቂያ ሳይነገርበት ተዘጋ። ዋጋውን የከፈለው በመንገዱ ዳርና ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ከውጫሌ እስከ አሰብ

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቅ አለፍ ብላ በአምባሰል ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉት እዚያ ነው። ውሉ ሲነሳ ሁሉም ሰው 17ኛውን አንቀጽ ያስታውሳል፤ የዓድዋ ጦርነት ከዚያ ጋር ተያይዟልና። ዛሬም ድረስ ከእኛ ጋር የሚኖረው ግን 3ኛው ነው። አራፋሌን፣ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በጣሊያን በኩል ያደረገው የድንበር አንቀጽ ያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጣሊያን «ኤርትራ» የሚባል ቅኝ ግዛት አወጀች። በአፋር በኩል ያለው ወሰን ደግሞ በ1900 ዓ.ም ውል ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ እንዲሄድ ተወሰነ። አንዱ የአፋር ሕዝብ በሁለት መንግሥት ሥር አደረ።

አሰብ ራሷ ከዚያ በፊት በጣሊያን እጅ ገብታ ነበር። ሩባቲኖ የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ1862 ዓ.ም ከአካባቢው ሱልጣኖች መሬት ገዛ፤ በ1874 ዓ.ም የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው።

ከሁሉ ይልቅ ደሴን የሚመለከተው ውል የተፈረመው ግን በራስ ተፈሪ ጊዜ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም በተፈረመው የ20 ዓመት የወዳጅነት ስምምነት ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነፃ የወደብ ቀጣና እንድታገኝ፣ ከአሰብ እስከ ደሴ ደግሞ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ተስማሙ። ይህ የወረቀት መንገድ ነበር። ጣሊያን መንገዱን ለጦር ታስበዋለች የሚል ስጋት በአዲስ አበባ ነበረ፤ ሥራውም ሳይጀመር ዓመታት አለፉ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ በከተማው ሳሉ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። በሚያዝያ የጣሊያን ጦር ከተማውን ያዘ። ለንግድ የተፈረመው መንገድ በመጨረሻ የተሠራው በወራሪው እጅ፣ በወረራው ዓመታት ነው።

ወደቡ ያቆማቸው ከተሞች

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም በፌዴሬሽን፣ በ1955 ዓ.ም ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል አሰብ የመሐል አገር ዋና በር ሆነች። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለባት። ቦቴውም ተሳቢውም ባቲን ሽቅብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ያርፍ ነበር። ደርግ የኮምቦልቻን ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሲያቋቁም ከተማዋ ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነበረች። ጋራዡ፣ ሆቴሉ፣ ጎሚስታውና መጋዘኑ በዚያው ትራፊክ አደጉ።

ሰውም በዚያው መንገድ ሄደ። የአሰብ ጫኝና አውራጅ፣ ነጋዴና ባለ ሻይ ቤት አብዛኛው ከመሐል አገር የወረደ፣ አማርኛ የሚናገር ነበር። በወሎ ብዙ ቤተሰብ አሰብ የኖረ አጎት፣ አሰብ የተወለደ ልጅ አለው።

አምስት ዓመት በወንድማማች ቃል

ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ሆነች። የሁለቱ አገሮች መሪዎች በጫካ የተዋወቁ ጓዶች ነበሩና ስምምነቶቹ በብዛት ተፈረሙ። አሰብ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ትሆናለች፤ ንግዱ ያለ ቀረጥ ይሄዳል፤ ሁለቱም በብር ይገበያያሉ ተባለ። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከግማሽ በላዩን የምትገዛው ኢትዮጵያ ነበረች። በአንድ ገንዘብ ሁለት መንግሥት ሲያዝበት ፖሊሲውን ማን ያወጣል? ክርክር ቢነሳ ማን ይዳኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የታሰረ መልስ አልነበረም።

በ1989 ዓ.ም መጨረሻ የአሰብ ማጣሪያ ሥራ አቆመ። በ1990 ዓ.ም መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አሳተመች። ኢትዮጵያ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ የድንበር ንግድ በውጭ ምንዛሪና በባንክ መተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) እንዲሆን ወሰነች። ትናንት በብር ሲነግድ የነበረው ነጋዴ በአንድ ሌሊት አስመጪና ላኪ እንዲሆን ተጠየቀ። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

የድንበር ጦርነት ተባለ፤ ወሰኑም በእርግጥ አከራካሪ ነበር። ከዚያ በፊት የተበላሸው ግን የገንዘብና የወደብ ጉዳይ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቡሬ አንዱ ግንባር ሆነ። የአሰብ ወደብ ሲቆም እዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እንጀራቸው አብሮ ቆሞ ተመለሱ። ከኢትዮጵያም የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት ንብረታቸውን ትተው ተባረሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም በስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ፈረደ። ፍርዱ ሳይፈጸም ዓመታት ነጎዱ። የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ላይ ወደቀ።

ኮምቦልቻ ከዚህ ወዲያ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። ደረቅ ወደብ ተሠራላት፤ በ2009 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር መዘርጋት ጀመረ። ሁሉም የተመሠረቱት ባሕሩ ቅርብ ነው በሚል ስሌት ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ባሕሩ ቅርብ ነው። ያልተሟላው ወደዚያ የሚያደርሰው ፖለቲካ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2011

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈረም በደሴም በኮምቦልቻም የነበረው ደስታ የእውነት ነበር። በሳምንታት ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስመራ ገባ፤ «መቀሌ» የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ 11 ሺህ ቶን ዚንክ ልትጭን ምጽዋ ደረሰች። በዕለተ እንቁጣጣሽ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ቡሬ ላይ ከወታደሮቻቸው ጋር በዓሉን አከበሩ። ድንበሩ ተከፈተ።

የተከፈተው ግን እንደ 1985 ዓ.ም ነበር። ቡሬ ላይ የጋራ ኬላ፣ የታወቀ ታሪፍ፣ የተወሰነ የምንዛሪ ተመን አልቆመም። ሰው በጥይት መሐል ዘመዱን ከማጣት ወደ መተቃቀፍ ተሸጋገረ፤ ነጋዴው ግን ምን ያህል ጭኖ፣ በየትኛው ገንዘብ፣ የትኛውን ሰነድ ይዞ እንደሚያልፍ የሚነግረው አጣ። ዓመት ሳይሞላ ቡሬም ዛላንበሳም ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉ ለሕዝብ የተሰጠ ማብራሪያ አልነበረም።

ሰላሙ ከንግድ ይልቅ ወደ ጸጥታ ትብብር አደላ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም በፌዴራል መንግሥትና በትግራዩ ሕወሓት መካከል የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ የኤርትራ ጦር ከፌዴራል መንግሥት ጎን ተሰለፈ። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፉ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተራቆቱ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ ስለተዘረፉበት በሁለቱ ከተሞች እርዳታ ማደሉን አቆመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ሲወርድ ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንግሥታት ተራራቁ።

አሁን ያለንበት

በጥቅምት 2016 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ ለሕዝብ ውይይት አቀረቡ። የ120 ሚሊዮን ሕዝብ አገር በአንድ ወደብ ተንጠልጥሎ መኖሩ የእውነት ችግር ነው፤ ይህን ማንሳትም ነውር የለበትም። ኤርትራ በበኩሏ ሉዓላዊነቴ ይነካል ብትል የምትጠቅሰው ታሪክ አላት። በነሐሴ 2016 ዓ.ም መጨረሻ አየር መንገዱ የባንክ ሒሳቡ ታግዶብኛል ብሎ የአስመራ በረራውን አቆመ። በመስከረም 2018 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፈችው ደብዳቤ ኤርትራ በአማራ ክልል ያሉ ታጣቂዎችን ትደግፋለች ስትል ከሰሰች፤ ኤርትራ ክሱን አጣጣለች።

ለደሴ ሰው ይህ የሩቅ ዲፕሎማሲ አይደለም። ጦርነት ቢነሳ የኮምቦልቻ፣ የባቲና የሚሌ መንገድ የስንቅና የጥይት መንገድ ይሆናል። አሰብን በጦር ያዘ ማለት ወደብ አገኘ ማለት አይደለም። መርከብ የሚመጣው ኢንሹራንስ በሚገባበት፣ ባንክ በሚያምነው፣ ነገ እንደማይዘጋ በሚታወቅ ወደብ ነው። ተኩስ በሚሰማበት ጠረፍ መጋዘን የሚሠራ ነጋዴ የለም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ መተቃቀፍ አይደለም፤ ሌላ ዘመቻም አይደለም። በፓርላማ የሚጸድቅ፣ አንቀጹ ለሕዝብ የሚታተም የወደብና የትራንዚት ውል ነው። ታሪፉ ይጻፍበት። በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈልና ክርክር ሲነሳ ማን እንደሚዳኝ ይጻፍበት። ድንበር ለመዝጋት ስንት ወር አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚገባ ይጻፍበት። በሁለቱ ወገን ያለው አፋር በመታወቂያው የሚሻገርበት መብት ይጻፍበት። ሲረቀቅም የኮምቦልቻ አምራች፣ የደሴ ነጋዴ፣ የባቲና የሎጊያ ሽማግሌ ይጠየቁ፤ 1881፣ 1985 እና 2010 ላይ ማንም አልጠየቃቸውም።

ይህ በአንድ ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ፈቃደኛ ጎረቤትም ይፈልጋል። የኤርትራ መንግሥት ዛሬ ላይቀበለው ይችላል። ረቂቁን አዘጋጅቶ መጠበቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው፤ በሩ በሚከፈትበት ቀን እንደ 1985 እና እንደ 2011 ባዶ እጃችንን መገኘት የለብንም።