ተረትና እውነታ፦ በርበሬን የምታደርቅ ፀሐይ በሶብላን ታጠፋለች

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የወጣ ሰው የጓሮ ቅጠል አይቸገርም። ከአሪ ገበሬዎች ጓሮ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ኮሰረቱ ይመጣል፤ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ያደገው ኮረሪማም አብሮ ይወጣል። ዝናብ በጠገበ ጊዜ ጓሮው ከቤተሰቡ አልፎ ይተርፋል፣ ባለቤቲቱም ለኋላ ልታስቀምጠው ታስባለች። ብክነቱ የሚጀምረው ይሄኔ ነው። ምግብ ማቆየትን የተማርነው ባብዛኛው ከበርበሬና ከእህል ነውና፣ ያንኑ ዘዴ ቅጠል ላይ ስናውለው መዓዛው ጠፍቶ ገለባው ይቀረናል። አንዳንዱ ዘዴ ደግሞ ቅጠሉን ከማባከን አልፎ ሰው የሚጎዳ ነው። በየቤቱ ከሚነገሩት እምነቶች ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

«ፀሐይ ላይ የዋለ ነው ሁነኛ የደረቀ»

ለፍሬ እውነት ነው። የበርበሬ ዛላ፣ የድንብላል ፍሬ፣ አዝሙድ ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ብዙም አይጎዱም፤ ጣዕማቸውና መዓዛቸው በልጣጭ ተሸፍኖ ውስጣቸው ተቀምጧል። ቅጠል እንዲህ ያለ መከለያ የለውም። አንድ የጤና አዳም ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ታያላችሁ። የዘይቱ ማኅደሮች እነሱ ናቸው። የበሶብላው ይብሳል፦ ዘይቱ ያለው ቅጠሉ ገጽ ላይ በተቀመጡ፣ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ገና ስትዳስሱት እጃችሁ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ይህ ዘይት ሙቀት ሲያገኘው ይተናል። በሶብላ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲሰጣ ግቢው በሙሉ ያውዳል፤ ያወደው ሽታ ኋላ ከሽሯችሁ ውስጥ የሚጎድለው ነው። ብርሃኑም በበኩሉ አረንጓዴውን ቀለም ያነጣዋል፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲንም ያጠፋል።

ቅጠል የሚደርቀው በጥላና በነፋስ ነው። ሰፌድ ወይም ወንፊት ላይ ሳይደራረብ ሳሳ አድርጎ መዘርጋት፣ ወይም በትንንሽ እስር አስሮ አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ መስቀል ይበቃል። እስሩ ወፍራም ከሆነ ዳሩ ደርቆ መሐሉ ይሻግታል። አየሩ ሞቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ከ40 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ቦታም ይለያያል። ኦሞራቴ ከባሕር ወለል ወደ 400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት፤ እዚያ ጥላ ውስጥ የተዘረጋ ቅጠል ቶሎ ይደርቃል። ጂንካ ግን ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝናቧም ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ጓሮው የሚሞላው አየሩ እርጥብ በሆነበት በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ጂንካ ላይ በዝናብ ጊዜ ብዙ ለቅሞ በአንድ ጊዜ ማድረቅ ትርፉ ሻጋታ ነው፤ ጥቂት ጥቂቱን ነፋስ በሚገባበት ክፍል ማድረቅ፣ ትልቁን ሥራ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ላለው ደረቅ ጊዜ ማቆየት ይሻላል።

«ከምድጃ በላይ የተሰቀለ አይበላሽም»

ግማሹ እውነት ነው። ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት እርጥበቱን ያባርራል፣ ጭሱም ነፍሳትን ያርቃል። ነገር ግን ጭስ የራሱን ሽታና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፣ ስስ ቅጠልም ሁለቱንም ይቀበላል። እንደ ኮረሪማ ያለ ወፍራም ልጣጭ ያለው ፍሬ ጭሱን ከዘሩ ያርቃል፤ በሶብላና ኮሰረት ግን ከምድጃው ራቅ ብለው፣ ሙቀቱ እንጂ ጭሱ የማይደርስበት ጥግ ቢሰቀሉ ይበጃቸዋል። የቅመም ጠርሙሶችን ከምድጃው አጠገብ መደርደርም ያው ስሕተት ነው፤ ለእጅ ይቀርባል፣ ለሙቀትም ይቀርባል።

«ኮረሪማ ፈልፍሎ፣ ቅመም ፈጭቶ ማስቀመጥ ይቀላል»

ይቀላል፣ ኪሳራው ግን ከባድ ነው። ኮረሪማ የዚህ አካባቢ ሀብት ነው፤ የሀገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ተወላጅ፣ ጥላ ወዳድ ተክል ነው። ሲበስል ቀይ የሆነው ልጣጭ ሲደርቅ ዘሩን እንደ ጠርሙስ ክዳን ይጠብቅለታል። የዘሩ መዓዛ በአብዛኛው የሚመጣው ባሕር ዛፍ ውስጥም ካለው ሲኒዮል ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም ቶሎ ይተናል። የተፈለፈለ ዘር መዓዛው ቶሎ ይደክማል፣ የተፈጨው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። በልጣጩ እንዳለ አስቀምጡት፣ የምትፈልጉትን ያህል በየጊዜው ፈልፍላችሁ ውቀጡ። ለደረቀ ቅጠልም ይኸው ይሠራል፦ ሳይደቅቅ ይቀመጥ፣ ድስቱ ሲጣድ በእጅ ይታሽ። ገበያ ስትወጡም የተወቀጠውን ትታችሁ በልጣጩ ያለውን ግዙ።

«በሶብላ ሳያብብ መለቀም አለበት»

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ምክር ነው፤ ለጣልያን ፓስታ ለስላሳ ቅጠል ለሚፈልግ ሰው ልክ ነው። የኛ ምግብ የሚፈልገው ሌላ ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የምናደርቀው በሶብላ ከነአበባውና ከነፍሬው ነው፤ መዓዛው እዚያም አለ። የጤና አዳምም ቅጠሉ ለቡናና ለአይብ፣ ፍሬው ደርቆ ለበርበሬ ነው። የሚለቀምበት ሰዓት ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ ጠዋት፣ ጤዛው እንደረገፈ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ጤና አዳምን በጠራራ ፀሐይ የሚለቅም ሰው ተጨማሪ አደጋ አለበት፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ከለቀማችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

«ቅጠል ከታጠበ ይበሰብሳል»

የሚያበሰብሰው ዘፍዝፎ መተው ነው። አፈሩንና የእንስሳ እዳሪውን በንጹሕ ውኃ ቶሎ አለቅልቆ ማራገፍ፣ ከዚያ መዘርጋት ግድ ነው።

«አንዴ ከደረቀ አይበላሽም»

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ጠዋት ደርቆ ይታያል፣ ወደ ብልቃጥ ይገባል፣ ከሳምንት በኋላ ሲከፈት የምድር ቤት ሽታ ይሸታል። ቅጠሉ ደርቆ ግንዱ እርጥብ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ ሲታሽ ተፈርፍሮ መድቀቅ አለበት፣ ግንዱም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለመጠ ገና ነው። ብልቃጥ ውስጥ ከገባ በኋላም በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ተመልከቱት፤ መስተዋቱ ከውስጥ ካላበው አውጥታችሁ እንደገና አድርቁት። ሻጋታ ካያችሁ ግን ላዩን ጠርጋችሁ የቀረውን አትጠቀሙ፣ ሁሉንም ጣሉት። አንዳንድ ሻጋታ እንደ አፍላቶክሲን ያለ፣ ጉበት የሚጎዳና ምግብ ማብሰያ ሙቀት የማያጠፋው መርዝ ይተዋል። ማዳበሪያ ከረጢትና ስስ ፌስታል እርጥበት ያስገባሉ፤ ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻላል፤ የደረቀበት ወርም ይጻፍበት።

መጠኑንም አስቡ። ደረቅ ቅጠል ውኃው ወጥቶለታልና ለሦስት ማንኪያ ርጥብ አንድ ማንኪያ ደረቅ ይበቃል። የድንብላል ቅጠል ብቻ ሲደርቅ መዓዛውን ከሞላ ጎደል ይጨርሳል፤ እሱን በፍሪዘር ያዙት እንጂ አታድርቁት።

«ሽፈራው ካልተፈጨ አይጠቅምም»

የሽፈራው ዱቄት በከተማ ሱቆች እንደ መድኃኒት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የተስፋፋ እምነት ነው። ሲደርቅ ካልሲየሙና ብረቱ ይቆያሉ፣ ቫይታሚን ሲው ግን በአብዛኛው ይጠፋል። በኮንሶ፣ በጋሞና በደቡብ ኦሞ ቆላዎች ያለው የኛው ሽፈራው ደግሞ በበጋም ቅጠሉ የማይታጣ ዛፍ ነው። ዛፉ ደጁ ላለው ሰው ጎተራው ዛፉ ራሱ ነው፤ ርጥቡን ቀጥፎ ይቀቅል። ማድረቅ የሚያስፈልገው ዛፉ ለሌለው ነው፤ ያውም በጥላ።

«ዘይት የፈሰሰበት ነገር አይበላሽም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ተወቅጦ ዳጣ ይሆናል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ ሻጋታ የሚያድገው በአየር ስለሆነ ዳጣው ደኅና ይመስላል። አፈር ውስጥ የሚኖረው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ግን የሚራባው አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ነገር ውስጥ ነው። ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ርጥብ ነጭ ሽንኩርት ይህን ሁሉ ያሟላለታል። መርዙ ሽታውንም ጣዕሙንም ላይለውጥ ይችላል።

በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ፣ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ምግብ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የበሉ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመሙ። በ1989 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሦስት ሰዎች በተመሳሳይ ምርት ከታመሙ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለ ምርት አሲድ ሳይጨመርበት እንዳይሸጥ አዘዘ። ማፍላትም መተማመኛ አይሆንም፦ የባክቴሪያው ዘር የሚሞተው 121 ዲግሪ በሚደርስ የእንፋሎት ግፊት ነው፤ ጂንካ ላይ ደግሞ ከከፍታዋ የተነሣ ውኃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው።

«ንጥር ቅቤስ ለምን ይቆያል?» የሚል ይኖራል። ሲነጠር ውኃው እስኪያልቅ ይፈላል፣ ቅመሙና ቅጠሉም ተጠልሎ ይወጣል። ኮሰረቱ መዓዛ ይሰጣል፣ መበላሸትንም ትንሽ ያዘገያል፤ ዋናው ጠባቂ ግን የውኃው ማለቅ ነው። አረፋው ሳይጠፋ የወረደ፣ ቅጠሉ ሳይጠለል የቀረ ቅቤ ኮሰረት ስላለበት ብቻ አይድንም።

ስለዚህ ዳጣ ወዳጆች፦ ዘይት ያለበትን ዳጣ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ፣ ከአራት ቀንም አታሳልፉት። ብዙ ከሠራችሁ በትንንሹ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ የሌለው ሰው ወይም መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ቤት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይውቀጥ፣ የቀረውን ቅመም አድርቆ ያቆይ። እንዲህ ያለ ምግብ የበላ ሰው ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ የዓይኑ ቆብ ከከበደው፣ መዋጥ ወይም መናገር ካቃተው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰዱት፤ የበላውንም ለሐኪሙ ንገሩ።