የማስነሻ ባትሪ እንዳይደክም

በዕረፍት ጊዜ መኪና ተከራይተን ወደ ባሌ ተራሮች ስንወጣ፣ መብራቱም ስልኩም ዘፈኑም ከአንዱ ባትሪ ይጠባል። ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ስፍራ ነው፤ ብርዱም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተርን ዘይት ያወፍራል። ንጋት ላይ ሞተሪኖው ዝም ቢል ገፊ በቀላሉ አይገኝም።

መፍትሔው ሁለት ባትሪ መያዝ ነው፤ አንዱ ለሞተሪኖው ብቻ፣ ሌላው ለመብራትና ለስልክ። በመካከላቸው የሚገባው ሪሌይ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን አገናኝቶ ከዲናሞው ያስሞላቸዋል፤ ሲጠፋ ይለያያቸዋል።

ያለን አንድ ብቻ ከሆነ እንለካው፤ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሽ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም እናጥፋ። ሞተሩን ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት እምብዛም አይሞላውም።

ወገኖች ሆይ፤ ለአንድ ምሽት ዘፈን የመመለሻችንን ጉልበት አንብላ።