የእጅ ምልክትም ንድፍ ነው

ቡሬ ላይ ቤት ሊሠራ ሲታሰብ ባለቤቱ፣ አናጺውና ነዳፊው እኔ ቦታው ላይ ቆመን ከምንነጋገረው ብዙው በእጅ ነው። አናጺው የሁለት እጁን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ የጣሪያውን ተዳፋት ያሳያል። ባለቤቱ "እዚህ ድረስ" ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ መስኮቱ ከየት እንደሚጀምር ይታወቃል። ክንድና ስንዝርም እኮ ከእጅ የተወለዱ ልኮች ናቸው!

ተመራማሪው ጆን ታንግ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በጋራ የሚነድፉ ሰዎች በወረቀቱ ዙሪያ ከሚያደርጉት የእጅ እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ያህሉ መጻፍም መሣልም ሳይሆን ምልክት መስጠት ነበር።

ምልክት ግን ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ክንድም ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ አናጺው በእጁ ሲያሳያችሁ አታቋርጡት። ሲጨርስ በሜትር ለኩና እዚያው ፊቱ ንደፉት።