ለላፕቶፓችን የሚስማማውን ባዶ ዲቪዲ እንዴት እንምረጥ?



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ባዶ ዲስክ ፍለጋ ወደ ሱቅ እንሮጣለን። ገዝተን ስንመለስ ግን ላፕቶፑ አልጽፍም ይላል፤ ወይም እኛ ጋር የተከፈተው ዲስክ መምህራችን ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። ይህ ሲያጋጥም ዲስኩ ተበላሽቷል ብለን ከመጣላችን በፊት ከላፕቶፑ ጋር መጣጣሙን እንጠይቅ።

መጀመሪያ የላፕቶፑን የዲስክ ማስገቢያ እንመልከት። ፊቱ ላይ የታተመው ምልክት «ዲቪዲ/ሲዲ-አርደብልዩ» የሚል ከሆነ ዲቪዲ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ መጻፍ የሚችለው ሲዲ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ 700 ሜጋባይት የሚይዝ ባዶ ሲዲ መግዛት አለብን። ምልክቱ ከተፋቀ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የድራይቩን ሞዴል እናገኛለን።

ዲቪዲ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክቷን ልብ እንበል። ዲቪዲ-አር እና ዲቪዲ+አር ሁለት የተለያዩ የኩባንያዎች ስብስቦች ያወጧቸው ዓይነቶች ናቸው። ከቀድሞዎቹ ድራይቮች አንዱን ብቻ የሚጽፉ ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን ሁለቱንም ይጽፋሉ። ሁለቱም ዲስኮች የሚጻፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አርደብልዩ» የሚለው እየተሰረዘ 1000 ጊዜ ያህል ሊጻፍበት ይችላል። ለልምምድ ይጠቅመናል፤ አሮጌ ማንበቢያዎች ስለሚቸገሩበት ግን ለማስረከቢያ ባንመርጠው ይሻላል። «ዲኤል» የሚለው 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ድራይቩ ላይ ይህ ምልክት ከሌለ አንግዛው።

ዲስኩ ላይ 4.7 ጊጋባይት ተጽፎ ኮምፒውተሩ 4.38 ገደማ ቢያሳየን አልተታለልንም። አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። የብዙ ላፕቶፖች ድራይቭ ከ8 ኤክስ በላይ ስለማይጽፍ 16 ኤክስ የሚለው ዲስክ እኛ ጋር በ8 ይጻፋል። ለፍጥነቱ ብለን ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገንም።

ሃምሳ ዲስክ ያለበትን ሙሉ እሽግ ለጓደኞቻችን ጭምር ከመግዛታችን በፊት አንድ ብቻ ገዝተን እንሞክር። ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ ፍላሽ ወይስ ለሲዲ/ዲቪዲ ማጫወቻ እንደምንጠቀምበት ሲጠይቀን ሁለተኛውን እንምረጥ፤ በሌላ ኮምፒውተር የመከፈት ዕድሉ የሰፋ ነው። ተጽፎ ሲያልቅ አውጥተን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እንክፈታቸው። ስማችንን በእስክሪብቶ ሳይሆን ለስላሳ ጫፍ ባለው የሲዲ ማርከር እንጻፍ፤ ወረቀትም አንለጥፍበት። ከፀሐይና ከጭረት እንጠብቀው።

ይህን ሁሉ አድርገንም ቢሆን የጽሑፋችንን አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ እናስቀምጥ። የወራት ልፋታችንን ለአንድ ዲስክ ብቻ አደራ አንስጥ።